የሆዳኗ ዘቢባና የክሩዋሳው ፈተና

ዘቢባ የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ የገንደ ቆሬ። ድሬ ላይ ትልቅ ትንሽ ሳይባል ሁሉም «አንተ»ና «አንቺ» ነው። ስለዚህ በ1996 ዓ.ም. ጅቡቲ ገብታ ሆዳን ሰፈር አንድ ቤት ስትቀጠር፣ የቤቱን ጌታና እመቤት ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ አንተና አንቺ አለቻቸው። ደግነቱ ሰዎቹ ቅር የሚላቸው አልነበሩም። ባልየው ሙሴ ዋይስ ዕድሜውን በሙሉ ባቡር ላይ ትኬት ሲቆጣጠር፣ ከጅቡቲ ድሬዳዋ ሲመላለስ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ አማርኛን እንደ ድሬ የከዚራ ሰፈር ልጅ የሚናገር ሰው ነው። ሚስቱ ጀዋሪያ ሆስፒታል ውስጥ አዋላጅ ናት። እሷ ደግሞ አማርኛ የለመደችው ከባሏና ከባሏ ጓደኞች ወሬ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም በወንድ ነበር የምታናግረው።

«አንተ ዘቢባ» ትላለች ከሥራ ስትገባ፣ «ምሳ በልተሃል?»

«በልቻለሁ ማዳም። አሁን ጢሜን ተላጭቼ ልተኛ ነው።»

«ጎበዝ» ትልና ታልፋለች ጀዋሪያ፤ ቀልዱ አይገባትም።

ዘቢባ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሳቋ ከእሷ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ዝም ማለት የማይሆንላት ልጅ ናት። እናቷ ደቻቱ ወንዝ ዳር ሳምቡሳ እየጠበሰች ስለምትሸጥ ሊጥ ማሸት የጀመረችው በልጅነቷ ነው። እንጀራ ፍለጋ ጅቡቲ የመጣችውም እንደ ሌሎቹ የሰው ቤት ልትሠራ እንጂ ሌላ ሐሳብ ኖሯት አልነበረም። ሐሳቡን ያመጣው ክሩዋሳ ነው።

ሙሴ ዋይስ ዓርብ ዓርብ ጠዋት ዳቦ ቤት ይልካታል። ክሩዋሳ በቅቤ እየተነባበረ ተጠቅልሎ የሚጋገር፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ የፈረንሳዮች ቁርስ ነው። በመጀመሪያው ዓርብ ሽታው አላስችል ብሏት አንዱን መንገድ ላይ በላችው። ቤት ደርሳ የቀረውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እዚያው ቆማ ቀረች።

«አንዱን በልቼዋለሁ» አለች።

«ይሁንልሽ» አላት ዋይስ።

«እሱን አይደለም የምልህ። አየሩን በምን አስገቡት?»

ዋይስ አንዱን አንሥቶ ገመሰውና ውስጡን አየው። ስድሳ ዓመት ሙሉ በልቶታል፤ ጠይቆት ግን አያውቅም። «ወላሂ እኔ እንጃ!» አለ።

ከዚያ ወዲያ ዘቢባ ዕረፍት አጣች። ሥራዋን ስትጨርስ በቤቱ ፎርኖ ትሞክራለች። የመጀመሪያዎቹ ድንጋይ ነበሩ። ዋይስ አንዱን በእጁ መዝኖ «ይሄን ሐዲድ ላይ ብናስቀምጠው ባቡር ያቆማል» አላት። እሷም ሳቀች፤ በማግስቱም ሌላ ጋገረች። ኬኩ፣ ብስኩቱ፣ የፍራፍሬው ታርት ቶሎ እሺ አላት፤ የሰፈሩ ሰርግና ልደት ኬክ ሁሉ ከእሷ እጅ መውጣት ጀመረ። ክሩዋሳው ብቻ እምቢ አለ።

በ1999 ዓ.ም. አንድ የሙያ ማሠልጠኛ የማታ የኬክና የዳቦ ሥራ ትምህርት ይሰጣል ተብሎ ተወራ። ወሬውን ይዛ የመጣችው ጀዋሪያ ናት።

«ሂድ ተመዝገብ» አለቻት።

«እራቱስ? ማን ያበስላል?»

«ዋይስ ያበስላል።»

ዋይስ ከጋዜጣው ቀና አለ። ተቃውሞ ለማቅረብ ግን ጊዜ አላገኘም።

ሁለት ዓመት ተማረች። ፈረንሳይኛው ከበዳት፤ በጆሮዋ ትሰማዋለች፣ ገበያም ትገበያይበታለች፣ ትምህርት ሲሆን ግን ይሸሻታል። ቢሆንም አልቀረችም። ባሕሩ ዳር ያለው ትልቁ ሆቴል ኬክ ሠሪ ይፈልጋል ተብሎ ሄዳ ጠይቃ ነበር፤ ሠርተፊኬት የሌለው ሰው ማዕድ ቤቱ እንደማይገባ በትሕትና ነግረዋታል። እናም በ2001 ሰኔ፣ ፈተናው ሲደርስ፣ ዘቢባ አዲስ ነጭ ሽርጥ አስፍታ ሄደች።

ሰኔ ላይ ጅቡቲ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። የካምሲን ነፋስ ከበረሃው ተነሥቶ አሸዋውን ይዞ ይመጣል፤ ግድግዳው በእጅ አይነካም። መፈተኛው አዳራሽ ውስጥ ቅቤ ከፍሪጅ በወጣ በጥቂት ደቂቃ ዘይት ይሆናል። ለዚህ መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው፤ ሊጡን ባጠፉት ቁጥር ፍሪጅ ውስጥ ማሳረፍ። ዘቢባ ይህን ታውቃለች። ነገር ግን ከጎኗ ያሉት ሲፈጥኑ አየች፣ ሰዓቱ ያለቀባት መሰላትና አንዱን ዕረፍት ዘለለችው። ፎርኖው ሲከፈት ቅቤው ከትሪው ላይ ይንቆረቆር ነበር። ክሩዋሳዎቹ ተኝተዋል።

ቀጥሎ የቃል ጥያቄ ነው። መነጽር ያደረገች ፈታኝ በፈረንሳይኛ፣ «ሊጡን በየመሃሉ ለምን እናሳርፈዋለን?» አለቻት።

መልሱ በአማርኛ አፏ ላይ ነበር። በፈረንሳይኛ ግን አንድም ቃል አልመጣላትም። ፈታኟ ስትጠብቅ፣ እሷ ስትፈልግ፣ በመጨረሻ አንዲት ቃል አገኘች።

«ስለደከመው» አለች።

ፈታኞቹ ሳቁ። ዘቢባም ለደቂቃ የት እንዳለች ረስታ አብራቸው ሳቀች። ማምሻው ላይ ጸሐፊው ያለፉትን ስም ጠራ፤ የእሷ የለበትም።

ሆዳን ስትደርስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጀዋሪያ ልጅቷ እንደምታልፍ ስላልተጠራጠረች ፍየል አሳርዳ፣ የሥጋ ሩዝ አሠርታ፣ ጎረቤት ጠርታ ትጠብቃለች። ዘቢባ በበሩ ብቅ ስትል ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

ዘቢባ ሁለት እጇን አነሣች። «ቆይ! ቆይ! እልልታውን መልሱት፤ ወድቄያለሁ!»

አንዷ ጎረቤት የጀመረችውን እልልታ ጨርሳ መዋጥ አቅቷት አሳላት።

«ሩዙስ?» አለች ጀዋሪያ ግራ ገብቷት።

«ሩዙ ምን አደረገ? የወደቅኩት እኔ» አለች ዘቢባ፤ «ሳይቀዘቅዝ እንብላው።»

በሉ። ከዚያም አንዱ ቴፕ ከፈተ፤ ተጨፈረም። ዘቢባ ከሁሉ በላይ ጨፈረች። ሳህን ለመሰብሰብ ማዕድ ቤት ስትገባ ግን ለብቻዋ ሆነችና ፊቷን በአዲሱ ሽርጥ ሸፍና አለቀሰች። ጀዋሪያ ተከትላት ገባች። አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«ስማ ዘቢባ» አለች። «እኔ ብዙ ሴት አዋልጃለሁ። ሁሉም ሴት፣ መጨረሻው ላይ፣ አልችልም ይላል። እሱ አልችልም ሲል እኔ ጓንቴን አደርጋለሁ። ልጁ ቀርቧል ማለት ነው።»

ዘቢባ ዕንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። «ሁሉም ሴት አልችልም ይላል!» እያለች ደጋገመችው። ጀዋሪያ ምኑ እንደሚያስቅ ባይገባትም ልጅቷ መሳቋን ወደደችው።

በማግስቱ ድሬዳዋ ደወለች።

«እማዬ፣ ወደቅኩ።»

«ውይ ልጄን! ምንሽ ተሰበረ? ደረጃ ላይ ነው?»

«አይ እማዬ፣ ፈተና ነው የወደቅኩት።»

«ኤዲያ! አስደነገጥሽኝ እኮ» አለች እናቷ ትንፋሿን እየሰበሰበች። «አጥንትሽ ደኅና ነው አይደል? በይ ተነሺና ሌላ ተፈተኚ።»

ሌላው ፈተና ከዓመት በኋላ ነበር። ዘቢባ ያጠፋችውን አሳምራ ታውቃለች፤ አንደኛ ችኮላ፣ ሁለተኛ ፈረንሳይኛ። ችኮላውን ለመተው በየቀኑ መለማመድ አለባት፤ ለመለማመድ ደግሞ ቀዝቃዛ ክፍል ያስፈልጋል። በቤቱ ውስጥ ማቀዝቀዣ ያለው አንድ ክፍል ብቻ ነው። እሱም የዋይስ የበርጫ ክፍል ነው፤ ከቀትር በኋላ ጫቱ ከድሬ በኩል ሲገባ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኞች ትራስ ተደግፈው የሚቅሙበትና የድሮውን መንገድ ጣቢያ በጣቢያ የሚያወሩበት።

ዘቢባ አንድ ቀን ጠረጴዛዋን፣ መዳመጫዋንና ሊጧን ይዛ ገባች። ሽማግሌዎቹ ከትራሳቸው ቀና ብለው አዩዋት።

«ጥግ ላይ ነኝ፤ እናንተ እንደሌለሁ ቁጠሩኝ» አለች።

«ዱቄቱ ጫቱ ላይ ቢበንስ?» አለ አንዱ።

«ጣፋጭ ይሆንልሃል።»

እንደሌለች ሊቆጥሯት ግን አልቻሉም። በሳምንቱ ሰው በሩን ከፍቶ ሲዘገይ «ዝጋው! ሊጡ አለ!» ብለው የሚጮኹት እነሱ ሆኑ። ሊጡ ፍሪጅ የገባበትን ሰዓት የሚይዝ ሰው ከመካከላቸው ሾሙ። ፈረንሳይኛውንም ተያያዙት። ዕድሜያቸውን በፈረንሳይ አለቆች ሥር የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ የጫቱ ምርቃና ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ፕሮፌሰር ይሆናል። «ሊጡን ለምን እናሳርፈዋለን?» ይሏታል በየተራ። «ቅቤው እንዲጠነክር፣ ሊጡም እንዲላላ» ትላለች በፈረንሳይኛ። «ድገሚው! አፍሽ ውስጥ አታኝኪው!» ይላል ዋይስ፣ ራሱ ጉንጩን ሞልቶ።

የሚጋገረው ሁሉ ግን የሚበላው ያስፈልጋል። ጀዋሪያ ቀሚሷ መጥበቡን አስታውቃ ቀድማ ከጨዋታው ወጣች። ዘቢባ ዓርብ ከቀትር በኋላ ዕረፍቷ ስለሆነ፣ ትልቅ ቅርጫት ሞልታ በሚኒባስ ፔካ 12 መሄድ ጀመረች። እዚያ ወደ ኢትዮጵያ የሚወጡት ከባድ መኪኖች ተደርድረው ይቆማሉ። ከሾፌሮቹ አንዱ ከበበው የእናቷ ጎረቤት፣ የገንደ ቆሬ ልጅ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ቅርጫቱን ስትከፍት ሙስሊሞቹ ሾፌሮች ወዲያው ዘመቱበት። ከበበውና ክርስቲያኖቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ።

«ምነው? አስጠላችሁ?» አለች።

«ዓርብ ነው እኮ ዘቢባ!» አለ ከበበው ምራቁን እየዋጠ። «ይሄ ነገር ደግሞ ከእግር እስከ ራሱ ቅቤ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ፍርዱ በሁለት ዙር ይሰጥ ጀመር። ሙስሊሞቹ እዚያው ቆመው ይፈርዳሉ። የጾመኞቹ ድርሻ በፌስታል ተጠቅልሎ ጋቢና ውስጥ ያድራል፤ ቅዳሜ ጠዋት ከበበው ድንበሩ ላይ፣ ጋላፊ ሆኖ ይደውላል። «ዘቢባ፣ ንብርብሩ እንደ ቅጠል ይለያያል፣ መሃሉ ግን ሊጥ ሊጥ ይላል» ይላታል። ወይም ደግሞ «የዛሬው ሸሚዜን አበላሸው፤ ቅቤው አምልጧል»። እሷም ሰምታ ታርማለች።

አንድ ጊዜ ከበበው ወደ ቤተሰቡ ሲሄድ ለእናቷ ወሰደላት። በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ዘቢባ ጥጓ ላይ ሊጥ እያጠፈች ነበር።

«ልጄ» አለች እናቷ በሐዘኔታ፣ «ደርሶኛል፤ እግዜር… አላህ ይስጥሽ። ግን ውስጡ ባዶ ነው እኮ! ዱቄት አለቀባችሁ እንዴ?»

ዘቢባ መዳመጫውን ወረወረችው። «ባዶ ነው አለች! እናቴ ባዶ ነው አለች!» እያለች በበርጫው መሃል ዘለለች። ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ ሞት የተረዳች መስሏቸው ተነሡ። ነገሩ ሲገባቸው ግን ጫቱን ትተው አጨበጨቡ። የክሩዋሳ ሙያው ውስጡን ባዶ ማድረግ ነዋ።

የ2002 ሰኔ ደረሰ። አዳራሹ ያው ነው፤ ሙቀቱም ያው። ዘቢባ ግን ሊጧን አስቀምጣ፣ ሌሎቹ ሲራወጡ እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። ክሩዋሳዎቹ ከፎርኖ ሲወጡ ተነፍተው፣ ወርቅ መስለው ወጡ። ያችው ባለመነጽር ፈታኝ የቃሉን ስትጠይቃት ጥርት አድርጋ መለሰች። ፈታኟም አስታወሰቻት መሰለኝ፣ «ዘንድሮስ አልደከመውም?» አለቻት፤ ሁለቱም ሳቁ።

የጽሑፉ ፈተና ላይ ግን ደወሉ የተደወለው ገና ግማሹን ስትጽፍ ነው። ስለ ማዕድ ቤት ንጽሕና ነበር ጥያቄው። ታውቀዋለች፤ ግን በፈረንሳይኛ የምትጽፈው ፊደል በፊደል እየለቀመች ነው። በዚያው ወደቀች። የእጅ ሥራውና የቃሉ ውጤት ለከርሞ ይያዝልሻል፣ ጽሑፉን ብቻ ትደግሚያለሽ አሏት።

በዚያ ቀን ወደ ቤት አልሄደችም። የጋገረችውን እንድትወስድ ስለፈቀዱላት ካርቶኑን ታቅፋ ሲየስታ ወደሚባለው ባሕር ዳር ሄዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ውሃው ሸሽቶ ነበር፤ ፀሐይዋ ወደ መግቢያዋ አዘንብላለች። እንደ አምናው የሚያጽናና ድግስ እንደሌለ ታውቃለች፤ ጀዋሪያ ዘንድሮ ብልህ ሆና ውጤቱን እየጠበቀች ነው። «እንግዲህ ስንት ጊዜ ወደቅኩ ብዬ እነግራቸዋለሁ?» አለች ለራሷ። ረሃቡም ተሰማትና አንድ ክሩዋሳ አወጣች።

ገመሰችው። ቅጠል በቅጠል ተለያየ፤ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ተቦርቡሯል። ቀመሰችው። ከዳቦ ቤቱ ይሻላል። ሌላ አወጣችና እሱንም ገምሳ አየችው፤ ያው ነው። ብቻዋን ሳቅ አፈናት። ከስድስት ዓመት በፊት መንገድ ላይ በልታ የተገረመችበትን ነገር እነሆ በገዛ እጇ ሠርታዋለች፤ አሁን የቀረው ፊደሉ ነው። ፊደል ደግሞ እንደ ቅቤ አይቀልጥም፣ እንደ ሊጥ አይሸፍትም።

አጠገቧ አየር ሊቀበሉ የወጡ የአንድ ቤት ሴቶች ምንጣፍ አንጥፈው ተቀምጠው ነበር። በሶማልኛ ጠርታ ካርቶኑን ዘረጋችላቸው።

«ምን ተገኝቶ ነው?» አሏት።

«ፈተና ወድቄ!»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ሳቁና ሻይ ቀዱላት። ዘቢባ ቤት የገባችው ባዶ ካርቶን ይዛ፣ እየዘፈነች ነው። ጀዋሪያ ዘፈኑን ከሩቅ ሰምታ «አለፈ!» ብላ ልትጮኽ ስትል፣ «በግማሽ አለፈ» አለቻት ዘቢባ።

ሦስተኛው ዓመት የዲክቴ ዓመት ሆነ። ሽማግሌዎቹ ያነባሉ፣ እሷ ትጽፋለች። ዋይስ የንጽሕና ደንቡን እንደ ባቡር ጣቢያ ማስታወቂያ ድምፁን ስቦ ነበር የሚያነብላት፤ «ክቡራን መንገደኞች፣ እንቁላል ከመሰበሩ በፊት እጅ ይታጠባል!» እያለ። ከዚያ ስሕተቷን አርመው ይመልሱላታል። ስለ አንዳንዱ ቃል አጻጻፍ ግን እርስ በርስ ሳይስማሙ ቀርተው ሁለት ሽማግሌ ሳምንት ሙሉ ተኳርፈዋል።

በ2003 ሰኔ ጽሑፉን ጨርሳ፣ አንድ ጊዜ አንብባ አስረከበች። ማምሻውን ጸሐፊው ስሟን ጠራ። «ደግመህ ጥራው» አለችው። ደገመው። «አንድ ጊዜ ደግሞ፤ ለእናቴ» አለችው። ጸሐፊው ቀና ብሎ አያት፤ እየሳቀ ሦስተኛ ጠራላት።

ጀዋሪያ ያን ቀን ተረኛ ስለነበረች ዘቢባ በታክሲ በቀጥታ ሆስፒታል ሄደች። ማዋለጃው ክፍል በር ላይ ሆና አስጠራቻት። ጀዋሪያ ጓንት እንዳደረገች ብቅ አለች፤ ማቀፍ አልቻለችም፤ ሁለት እጇን ወደ ላይ እንደያዘች ፊቷን አየችና እልልታዋን ለቀቀችው። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡት አስታማሚዎች ተቀበሏት። ውስጥ ምጥ ላይ ያለችው ኢትዮጵያዊት ሴት «ወለድኩ እንዴ?» ብላ ጠየቀች አሉ።

«ገና ነህ!» አለቻት ጀዋሪያ ወደ ውስጥ ዞራ፣ በአማርኛ። «ይሄ የእኔ ነው!»

በመስከረም ዘቢባ ባሕሩ ዳር ያለው ሆቴል ገባች። ከሆዳን ወጥታ ካርቲዬ ሁለት የሚባል ሰፈር ውስጥ ክፍል ስትከራይ፣ ጀዋሪያ የፎርኖውን ትሪዎች ሁሉ አሸክማ ላከቻት፤ ዋይስ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ አልበላም ብሎ አኮረፈ። አሁን ማለዳ፣ ከተማው ገና ሳይሞቅ ሥራ ትገባለች። እሷ የምትጋግረውን ክሩዋሳ የሚበሉት የመርከብ ካፒቴኖች፣ ነጋዴዎችና ወታደሮች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ማን እንደሠራው ይጠይቃሉ። ስትጠራ ሽርጧን ሳትፈታ ትወጣለች፤ የመጣውን እንግዳ፣ ካፒቴንም ይሁን አምባሳደር፣ እንደ ድሬ ልጅ «አንተ» ብላ ታናግረዋለች።

ዘንድሮ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ማሠልጠኛው የቸኮሌት ሥራ ፈተና ከፍቷል። ዘቢባ ተመዝግባለች። ሰዉ ሁሉ በጅቡቲ ሙቀት ቸኮሌት እንዴት ይሆናል እያለ ነው። ከበበው ሲሰማ ከጋላፊ ደውሎ፣ «ቸኮሌቱ የጾም ነው?» ብቻ ነው ያላት።

«ወተት የሌለበት አለው፤ ጥቁሩ» አለችው።

«እንግዲያው ዓርብም እንፈርዳለን» አለ፤ ከኋላው የሾፌሮቹ ጭብጨባ በስልኩ ተሰማ።